ኪሬጂ ምንድን ነው? ሃይኩ ጸሐፊ ከክላሲካል ሙዚቃ የሚማረው ዝምታ

ኪሬጂ በጃፓንኛ «ቆራጭ ቃል» ማለት ነው። ሃይኩ በሚባለው የጃፓን አጭር ግጥም ውስጥ ገብቶ ሐሳቡን ለሁለት የሚከፍል፣ ለብቻው ሲነገር ግን ይህ ነው የሚባል ትርጉም የሌለው ቃል ሲሆን፣ አንባቢው እዚያ ቦታ ሲደርስ ለአፍታ እንዲቆም ያደርገዋል። ስለ ሃይኩ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠቀሰው የ5-7-5 የቀለም ቁጥር ነው፣ ማለትም በሦስቱ ስንኞች በየተራ 5፣ 7 እና 5 ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ድምፅ) መኖሩ፤ በእኔ እምነት ግን ሃይኩን ሃይኩ የሚያደርገው ከቁጥሩ ይልቅ ይህ መቆሚያ ነው። መቆሚያውን ለመማር ደግሞ ከክላሲካል ሙዚቃ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

የታወቀው ምሳሌ ማትሱኦ ባሾ (1644–1694 እ.ኤ.አ.) በ1686 የጻፈው የእንቁራሪቷ ግጥም ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ በግርድፉ እንዲህ ይላል፦

አሮጌ ኩሬ —
እንቁራሪት ዘላ ገባች፤
የውኃ ድምፅ።

በጃፓንኛው የመጀመሪያው ስንኝ «ፉሩ ኢኬ ያ» የሚል ነው። «ፉሩ ኢኬ» አሮጌ ኩሬ ሲሆን «ያ» ኪሬጂው ነው፤ እኛ ሩቁን ከምናመለክትበት «ያ» ጋር ዝምድና የለውም። ሥራው ኩሬውን ለብቻው ማሳየት ነው፤ እንቁራሪቷ ገና አልመጣችም፣ ድምፅም የለም። «በአሮጌው ኩሬ ውስጥ እንቁራሪት ዘላ ስትገባ የውኃ ድምፅ ተሰማ» ብለን ብንጽፈው ወሬው ያው ነው፤ የጠፋው ግን ከድምፁ በፊት የነበረው ጸጥታ ነው፤ ያ ጸጥታ ከሌለ ደግሞ ድምፁን የሚያዳምጠው አይኖርም። በጥንቱ ትምህርት 18 ኪሬጂዎች ይቆጠሩ የነበረ ሲሆን፣ ከእነርሱ በብዛት የሚያጋጥሙት «ያ»፣ «ካና» እና «ኬሪ» ናቸው። «ካና» ግጥሙን በመደነቅ ይዘጋል። «ኬሪ» ደግሞ አንድ ነገር ሆኖ ማለፉን ገና አሁን ያስተዋለ ሰው የሚናገረው ዓይነት ነው፤ ለእኛ ጆሮ ከ«ለካ» ጋር በጣም ይቀራረባል። በአማርኛ ሃይኩ ለሚጽፍ ሰው «ለካ»፣ «አይ» እና «ወይ» ያሉለት ሲሆን፣ እነርሱ ካልተስማሙት አንዲት ሰረዝ ትበቃዋለች።

ሙዚቃ ይህን መቆሚያ በጆሮ የሚያስተምር ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1808 ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበውን የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ መክፈቻ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው፦ ሦስት አጫጭር ድምፆች፣ አንድ ረጅም። ኖታው የሚጀምረው በድምፅ ሳይሆን በአጭር እረፍት ምልክት መሆኑ፣ አራተኛው ድምፅ ላይ ደግሞ ተጫዋቾቹ ከተለመደው ቁጥር በላይ እንዲዘገዩ የሚያዝዝ ምልክት መቀመጡ ብዙም ልብ አይባልም። የምልክቱ ስም ፌርማታ ነው፤ አውቶቡስ የምንጠብቅበት ቦታ ከተጠራበት የጣሊያንኛ ቃል ጋር አንድ ነው፣ መቆሚያ። ጃፓኖች በሁለት ድምፆች ወይም በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ይህን ሕያው ክፍተት «ማ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1967 ቢዋና ሻኩሃቺ የተባሉትን የጃፓን መሣሪያዎች ከምዕራባውያን ኦርኬስትራ ጋር ያገናኘው አቀናባሪ ቶሩ ታኬሚትሱ፣ በሥራዎቹም በጽሑፎቹም ስለ «ማ» ደጋግሞ አንሥቷል።

ለሃይኩ ጸሐፊ ከሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው ግን ፈረንሳዊው አቀናባሪ ክሎድ ደቡሲ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 ባሉት ዓመታት ለፒያኖ ያቀናበራቸውን፣ ፕሬሉድ የሚባሉ 24 አጫጭር ሥራዎች ነው። ደቡሲ የእያንዳንዱን ርእስ ያስቀመጠው በገጹ አናት ላይ ሳይሆን ከመጨረሻው ኖታ ሥር፣ ከሦስት ነጥቦች በኋላ፣ በቅንፍ ውስጥ ነው። ተጫዋቹ አስቀድሞ ድምፁን ይሰማል፣ ስሙን የሚያገኘው በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ጥራዝ 6ኛው፣ ርእሱ «በበረዶ ላይ ያሉ ዱካዎች» የሚል፣ ቀርፋፋና ኀዘንተኛ ሥራ ነው። ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ የምትረግጥ አንዲት ትንሽ እርምጃ ከመነሻው ጀምሮ ትደጋገማለች፤ በላይዋ ዜማ ብቅ ይልና ሳይጨርስ ይቋረጣል፤ እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይቋረጣል። ደቡሲ ራሱ ይህ ምት ያዘነና የቀዘቀዘ መልክዓ ምድር ስሜት እንዲኖረው በኖታው ላይ ጽፏል።

ይህን እየሰማሁ ለመጻፍ በተቀመጥሁ ጊዜ መጀመሪያ የወጣልኝ ስንኝ የሚያለቅስ ፒያኖና የሚያዝን ልብ ነበረበት። የማይረባ እንደሆነ ያወቅሁት ጮክ ብዬ ሳነብበው ነው፤ ሙዚቃውን መልሶ ከመንገር በቀር ምንም አልሠራም፣ የሚቆምበትም ቦታ የለውም። በሁለተኛው ጊዜ ዜማውን ትቼ ዜማው የሚቋረጥበትን ቦታ ብቻ ጠበቅሁ፤ እዚያም «እርምጃው ሲቆም ምን ይቀራል?» ብዬ ጠየቅሁ። የቀረልኝ በረዶ አልነበረም፤ በረዶ ለብሶ ያደረ ምድር አላውቅምና። ሃይኩ ወቅትን የሚጠቁም ቃል፣ በጃፓንኛ «ኪጎ» የሚባለውን፣ ይፈልጋል፤ ዱካ የሚታተምበት የእኔ ወቅት ደግሞ ክረምት ነው።

የሐምሌ ጭቃ —
ደጃፍ ድረስ አንድ ዱካ፤
ተመላሽ የለም።

ከሰረዟ በፊት ጭቃው ብቻ አለ። ከእርሷ በኋላ አንድ ሰው መጥቷል፤ ገብቶ ይደር፣ እንግዳ ይሁን ወይም የቤቱ ባለቤት፣ ግጥሙ አይናገርም። የቀለም አቆጣጠሩን በተመለከተ፣ እኔ የምቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን አንደበት ላይ የሚወጣውን ድምፅ ነው፤ «የሐምሌ ጭቃ» በጽሑፍ ስድስት ፊደል ቢሆንም «ሐም» በአንድ ትንፋሽ ስለሚነገር አምስት ቀለም ይሆናል። ሳድስ ፊደሎቻችን አንዳንዴ ድምፃቸውን ስለሚውጡ፣ ፊደል እየቆጠረ የሚጽፍ ሰው ምቱ ይሰበርበታል። ጃፓንኛም ቢሆን የሚቆጥረው «ኦን» የተባለውን የድምፅ መለኪያ ስለሆነ ከእኛ ቀለም ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም፤ ስለዚህ 17ቱን ቁጥር እንደ ሕግ ከማክበር ይልቅ እንደ ትንፋሽ ልክ መያዝ ይሻላል።

በዚህ መንገድ ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው አጫጭር የፒያኖ ሥራዎችን እመክራለሁ፤ ሲምፎኒ ብዙ ይናገራል፣ ጸሐፊውንም ያጥለቀልቀዋል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች በሐረጎቻቸው መካከል ትንፋሽ ስለሚተዉ ለእኛ ጆሮ የቀረቡ መነሻዎች ናቸው። አንዱን መርጦ፣ ብዕር ሳያነሡ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው መስማት፣ ከዚያም ድምፁ የሚቆምባቸውን ቦታዎች ብቻ እያስተዋሉ እንደገና መስማት ይገባል። ግጥሙ ሲያልቅ የሙዚቃው ስም በውስጡ መኖር የለበትም። ሃይኩ ርእስ ስለሌለው እኔም ለሐምሌው ጭቃ ርእስ አልሰጠሁትም፤ ከየት እንደመጣ ለሚጠይቀኝ ግን ደቡሲ እንዳደረገው ካነበበው በኋላ እነግረዋለሁ።