ከአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚታዘዘው «ጥምር ማስታገሻ» ምንድን ነው?

አከርካሪው ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከሰመመን ሲነቃ የሚሰማው ሕመም አንድ ዓይነት አይደለም። የተቆረጠው ቆዳና ወደ ጎን ተገፍቶ የቆየው ጡንቻ ያመዋል፣ አጥንቱ ይጠዘጥዘዋል፣ ተጨቁኖ የከረመው ነርቭ ደግሞ እስከ እግሩ ያቃጥለዋል፣ ይነዝረዋል። ይህን ሁሉ በአንድ መድኃኒት ለማስታገስ መሞከር የዚያን መድኃኒት መጠን እየጨመሩ መሄድ ነው። ጥምር ማስታገሻ የሚባለው በተለያየ መንገድ የሚሠሩ መድኃኒቶችን እያንዳንዳቸውን በልክ አድርጎ አብሮ መስጠት ነው።

መሠረቱ አብዛኛውን ጊዜ ፓራሲታሞል ነው። ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይዋጣል፤ ለጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ ሳያውቁ ደርቦ መውሰድ ጉበት ይጎዳል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ እብጠት ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን አከርካሪው በብሎን ታስሮ አጥንቱ እንዲገጥም የሚጠበቅ ከሆነ መግጠሙን ያዘገዩ ይሆናል በሚል ስጋት የማያዝዟቸው ሐኪሞች አሉ። ጨጓራውን ወይም ኩላሊቱን ለሚያመው ሰውም አይመከሩም። ለነርቩ ሕመም ጋባፔንቲን ወይም ፕሪጋባሊን ሊታዘዝ ይችላል።

ትራማዶልና ሞርፊን ለከባዱ ሕመም፣ ለጥቂት ቀናት ናቸው። ከጋባፔንቲን፣ ከእንቅልፍ መድኃኒት ወይም ከአልኮል ጋር ሲገናኙ ትንፋሽን ሊያዳክሙ ስለሚችሉ ከታዘዘው በላይ መውሰድ ፈጽሞ አይገባም። ሆድም ያደርቃሉ። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ሽንት ቤት ተቀምጦ ማማጥ ግን ለተሰፋ ጀርባ ስቃይ ነውና የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው መጠየቅ ይሻላል።

ሕመሙ ጨርሶ እንዲጠፋ መጠበቅ ልክ አይመስለኝም። ዋናው ጥያቄ ሰውየው ማሳል፣ መገላበጥና መራመድ ቻለ ወይ የሚለው ነው። ከአልጋ አነሳሱ ራሱ ሕመም ይቀንሳል፦ ጉልበት ይታጠፋል፣ ትከሻና ዳሌ እኩል ወደ ጎን ይዞራሉ፣ ከዚያ እግር ከአልጋው እየወረደ በክንድ ተገፍቶ ይቀመጣል። ወገብ መጠምዘዝ የለበትም።

ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር ከከዳ ወይም ሕመሙ በድንገት ከበረታ ግን ማስታገሻ ጨምሮ ማደር አደገኛ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ካለም በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገር።