የድሮ ሊቃውንትን ሥዕል ቀድቶ መማር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የድሮ ሊቃውንት ያልኳቸው የህዳሴ ዘመን ሠዓሊዎችን ነው፤ ህዳሴ ስል ግድቡን አይደለም። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የተሳሉትን የዘይት ቀለም ሥዕሎች ነው። እነሱን መልሶ መሳል እጅን ይገራል። ነገር ግን በሥዕል ተማሪዎች መካከል አንዳንድ ወሬዎች አይጠፉም።

«ኩረጃ ነው»

ማይክል አንጄሎ በልጅነቱ የጀርመናዊውን የማርቲን ሾንጋወርን የቅዱስ እንጦንስ ሥዕል ቀድቶ በቀለም ሠርቷል። የማድሪዱ ፕራዶ ሙዚየም የሞናሊዛ ቅጂ ደግሞ ይብሳል። ጀርባው በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ እንደ ተራ ቅጂ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው ምርመራ ግን ሌላ ነገር አሳየ። የዋናው ሞናሊዛ ሠዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከሥር እየቀየረ ያስተካከላቸው መስመሮች ቅጂው ላይም አሉ! ተማሪው ከጎኑ ሆኖ እኩል ይስል ነበር ማለት ነው። ስርቆት የሚሆነው ቅጂውን ኦሪጅናል ነው ብሎ መሸጥ ነው። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ለዚህ መላ አለው፤ ቅጂው ከዋናው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ማነስ ወይም መብለጥ አለበት።

«ቀለሙን ከሥዕሉ ፎቶ ጋር ማመሳሰል ይበቃል»

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የዚያን ጊዜ ሠዓሊ በሥዕሎቹ ላይ የምናየውን ደማቅ ቀይ ልብስ ብዙ ጊዜ በአንድ ቅብ አልጨረሰውም። ከሥር ድፍን ቀይ ይቀባል። ሲደርቅ ላዩ ላይ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ይደርባል። ብርሃኑ ገብቶ ከሥር ነጥሮ ይመለሳል። ብርጭቆ ውስጥ ያለ ሻይ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደሚያበራው ማለት ነው። ያንኑ ቀይ አንዴ በጥብጣችሁ ብትቀቡት ሙት ይሆናል። ስለዚህ ዓይናችሁ «ምን ቀለም ነው?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ቀድሞ ተቀባ?» ብሎ ይጠይቅ።

«ዘይቱ ተኖ ይደርቃል»

አይተንም። ዘይቱ የተልባ ነው፣ እኛው የምናውቀው ተልባ። ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል፤ ቀናት ይፈጃል። የላይኛው ቅብ ከታችኛው የበለጠ ዘይት ይኑረው፤ ከተገለበጠ ሊሰነጠቅ ይችላል። እኔ አንዴ ፀጉር ማድረቂያ ደግኜበት ያተረፍኩት አቧራ ብቻ ነው።

«የዘመኑ ቀለም ካልተገኘ አይሆንም»

ያኔ ምርጡ ሰማያዊ ከአፍጋኒስታን ድንጋይ ይፈጭ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1820ዎቹ ጀምሮ ሰው ሠራሹ አለ። ሊድ ከሚባለው ብረት የሚሠራው ነጭ መርዛማ ነው፤ በቲታኒየም ነጭ ተኩት።

«ሙሉውን መጨረስ አለብኝ»

ማን አለ? አንድ እጅጌ ምረጡ። እጥፋቱ ብቻ ወር ሊወስድባችሁ ይችላል።