አርዱይኖን ከዴስክቶፕ ሲሪያል ፖርት ጋር በቀጥታ ማገናኘት ይቻላል?

ጥያቄው በጅማ ልጆች ግሩፓችን ስለተደጋገመ ላብራራው። መልሱ፦ አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) በቀጥታ አይገናኝም።

ሁለቱም «ሲሪያል» (1 እና 0ን ተራ በተራ በአንድ ሽቦ የሚልክ) ይባሉ እንጂ ቮልታቸው ለየቅል ነው። አርዱይኖ ኡኖ 1ን በ5 ቮልት፣ 0ን በ0 ቮልት ይልካል። ከዴስክቶፑ ኋላ ያለው ባለ 9 እግር ፖርት (አርኤስ-232) ግን 1ን ከ-3 እስከ -15፣ 0ን ከ+3 እስከ +15 ቮልት ያደርገዋል። መጠኑ ብቻ ሳይሆን ምልክቱም የተገለበጠ ነው! በቀጥታ ከሰካችሁት ሲቀናችሁ ስክሪኑ ላይ የማይነበብ ነገር ይዘንባል፤ ካልቀናችሁ የአርዱይኖው ቺፕ እግር ይቃጠላል።

መሃል የሚገባው ማክስ232 የሚባል ቮልቱን የሚቀይር ቺፕ ነው። 5 ቮልት ብቻ ይበቃዋል፤ ከዜሮ በታች ያለውን ቮልት በ4 ካፓሲተሮች (ቻርጅ በሚይዙ ትናንሽ ዕቃዎች) እየታገዘ ራሱ ያመነጫል። ካፓሲተሩ 1 ማይክሮፋራድ ነው፤ በስሙ መጨረሻ ላይ «ኤ» ፊደል ላለበት ቺፕ (ማክስ232ኤ) 0.1 ይበቃል።

ለምሳሌ ከአርዱይኖ ፒን 1 ወደ ቺፑ እግር 11፣ ከእግር 14 ወደ ፖርቱ እግር 2። ከኮምፒውተሩ የሚመለሰው ደግሞ ከፖርቱ እግር 3 ወደ ቺፑ እግር 13፣ ከቺፑ እግር 12 ወደ አርዱይኖ ፒን 0። የፖርቱ እግር 5 ከግራውንድ (ከ0 ቮልት መስመሩ) ጋር ይገናኛል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ፕሮግራም ስትጭኑ የፒን 0ን ሽቦ ንቀሉ፤ አለዚያ አይጫንም።

እስካሁን ያልኩት ለኮምፒውተር ፖርት ነው። ከቡና መጋዘን ዲጂታል ሚዛን ልታነቡ ከሆነ የፖርቱ እግር 2 እና 3 ሊቀያየሩ ይችላሉ። ሚዛኑ ምንም በማይልክበት ሰዓት ከእግር 5 አንጻር በመልቲሜትር ለኩ፤ ከዜሮ በታች የሚያሳየው እግር ላኪው ነው።