ስሊፕ አፕኒያ ምንድን ነው? ከደም ግፊትስ ጋር ምን አገናኘው?

ሦስት አይነት የግፊት መድኃኒት በአግባቡ እየዋጠ፣ ጨውም ቀንሶ፣ ግን ግፊቱ አልወርድ ያለው ሰው ካወቃችሁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፣ ማታ ያንኮራፋል ወይ? መልሱን ከሱ አትጠብቁ፣ የሚያውቀው አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው።

ስሊፕ አፕኒያ ማለት እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ በተደጋጋሚ እየቆመ ሲቀጥል ነው። እዚህ የማወራው በብዛት ስለሚታየው፣ ጉሮሮ ተዘግቶ ስለሚመጣው አይነት ነው። ነቅተን እያለን የጉሮሮ ጡንቻዎች የአየር መንገዱን ከፍተው ይይዙታል፣ እንቅልፍ ሲወስደን ግን ይላላሉ፣ ምላስም ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ስለዚህ መንገዱ ከመጀመሪያውም ጠባብ የሆነበት ሰው፣ አንገቱ የወፈረ ወይ ቶንሲሉ ትልቅ የሆነ ወይ አገጩ ወደ ኋላ የገባ፣ ጭራሽ ይዘጋበታል። ውፍረት ዋናው ምክንያት ቢሆንም ቀጭን ሰውንም ይይዛል። ቢያንስ 10 ሰከንድ ሲቆም ነው አፕኒያ የሚባለው። ሙሉ በሙሉ የተዘጋውም በከፊል የጠበበውም ተደምሮ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ከሆነ ቀላል፣ ከ30 ካለፈ ከባድ ይባላል፣ እስቲ አስቡት፣ በሰዓት 30 ማለት በየሁለት ደቂቃው አንድ ማለት ነው።

አሁን አንዷን ብቻ በቅርበት እንያት። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ይላል። ደረትና ሆድ ግን እየታገሉ ነው፣ አየር ለመሳብ ይጥራሉ፣ ምንም አይገባም። ደም ውስጥ ኦክስጅን እየወረደ ካርቦንዳይኦክሳይድ እየጨመረ ሲሄድ አንጎል አደጋ ነው ብሎ አድሬናሊን የሚያስለቅቀውን የነርቭ መስመር ያነሳሳል፣ የደም ስሮች ይጠባሉ፣ ሰውየው ለጥቂት ሰከንድ ይባንናል (ጠዋት ግን ትዝ አይለውም)፣ ጉሮሮው ይከፈትና በትልቅ ማንኮራፋት አየር ይስባል፣ ልቡም ፈጥኖ መምታት ይጀምራል፣ ግፊቱ ሽቅብ የሚወጣው ልክ እዚችው ሰዓት ላይ ነው። ከዛ ተመልሶ ይተኛል። ከዛ ደግሞ እንደገና።

ጤነኛ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 ፐርሰንት ይወርዳል፣ ልብና የደም ስር የሚያርፉት ያኔ ነው። አፕኒያ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ይሄ እረፍት የለውም። ችግሩ ደግሞ ሌሊት ላይ አይቀርም፣ ያ የነርቭ መስመር ቀንም እንደተነሳሳ ይቆያል፣ የደም ስር ግድግዳ መለጠጥ እያቃተው ይሄዳል፣ ጨውና ውሃ የሚይዘው አልዶስቴሮን የሚባለው ሆርሞንም ሊጨምር ይችላል። አንዳንዱ ሰው ቀን ክሊኒክ ሲለካ ደህና ነው ይባላል፣ 24 ሰዓት የሚለካ መሳሪያ ክንዱ ላይ ታስሮ ሲያድር ግን ሌሊቱ ሌላ ታሪክ ያወጣል።

በነገራችን ላይ ነገሩ ወደ ኋላም፣ ከግፊት ወደ አፕኒያም ይሄዳል። ሰውነት ውሃ ሲይዝ ቀን እግር ላይ የተጠራቀመው ማታ ስንጋደም ወደ አንገት ይወጣና ጉሮሮውን ከውጭ ይጫነዋል፣ ሽንት የሚያሸኑ የግፊት መድኃኒቶች አንዳንድ ሰው ላይ አፕኒያውንም ቀለል የሚያደርጉት ለዚህ ነው ይባላል።

ሕክምናው ላይ ብዙ የሚነሳው ሲፓፕ ነው፣ ከ1981 ጀምሮ የታወቀ፣ በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮውን ከፍቶ የሚያሳድር ማሽን። እንቅልፉን በደንብ ያስተካክላል፣ ግፊት ላይ ግን ተአምር አትጠብቁ፣ በአማካይ የሚቀንሰው 2 ወይ 3 ነጥብ ነው፣ መድኃኒት አልበግር ያለ ግፊት ያለባቸውና ማስኩን ሌሊቱን ሙሉ የሚያደርጉት ግን የተሻለ ያገኛሉ። ስለዚህ ማሽን ገዛሁ ብሎ ኪኒን ማቆም የለም! ክብደት መቀነስ ሁለቱንም ይረዳል፣ በጀርባ አለመተኛትም ለብዙዎች ይጠቅማል፣ ማታ ላይ አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ጉሮሮውን የባሰ ያላሉታል።

የሚያንኮራፋ ሁሉ አፕኒያ አለበት ማለት አይደለም። ግን ማንኮራፋቱ እየተቋረጠ በመታነቅ የሚቀጥል ከሆነ፣ ጠዋት ራስ ምታት ካለ፣ ሌሊት ለሽንት መመላለስ፣ ቀን ቁጭ ባሉበት እንቅልፍ ምናምን ካለ፣ በተለይ ግፊት ካለበት፣ ለሐኪሙ ይናገር። ምርመራው አያምም፣ ጣት ላይ ኦክስጅን የሚለካ፣ አፍንጫ ስር ቀጭን ቱቦ፣ ደረት ላይ ቀበቶ አድርጎ ማደር ነው፣ ለብዙ ሰው ቤት ውስጥም ይሠራል። እስከዛ አጠገቡ የሚተኛው ሰው ትንፋሹ ሲቆም በስልክ ቪዲዮ ቢቀርጽለት ለሐኪሙ ጥሩ መነሻ ነው።