የሰብሎች መነሻ ማዕከላት፦ የአንድ ሐሳብ ታሪክና የኢትዮጵያ ድርሻ

ዛሬ የምንዘራው ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎና ድንች መጀመሪያ ከዱር ወጥቶ ገበሬ እጅ የገባው የት ነው? ይህን ለማወቅ አንዱ መንገድ መሬት መቆፈር ነው። ሌላው መንገድ ሕያው ተክሉን ራሱን መመርመር፣ በውስጡ ያለውን ልዩነት ማንበብ ነው። ሁለተኛውን መንገድ እስከ ጫፍ የገፋበት ሩሲያዊው የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። «የሰብሎች መነሻ ማዕከላት» የሚባለው ሐሳብም በእሱ ስም ይታወቃል። ሐሳቡ ከተፈተነባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ታሪኩ በአማርኛ እንደ ልብ ስለማይገኝ እዚህ ተሰብስቧል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቫቪሎቭ በፊት

ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ ሲጽፍ አንድ ትልቅ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር። የወላጅ ባሕርይ ወደ ልጅ የሚተላለፈው እንዴት ነው? በዘመኑ ብዙዎች የሚያምኑት የእናትና የአባት ባሕርይ ቡናና ወተት እንደሚቀላቀል ተቀላቅሎ ልጁ መሃል ላይ እንደሚወጣ ነበር። ይህ ግን ለዳርዊን ችግር ፈጠረበት። ሁሉም ነገር የሚቀላቀል ከሆነ አዲስ የመጣ ጠቃሚ ባሕርይ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ፍሌሚንግ ጄንኪን በ1867 ይህንኑ ነጥብ አንስቶ ሞገተው። ዳርዊን በ1868 የራሱን መላ ምት አቀረበ። ከሰውነት ክፍል ሁሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ተሰብስበው ወደ ልጅ ያልፋሉ የሚል ነበር። አልጸናም።

መልሱ ያን ጊዜ ታትሞ ተቀምጧል። ዛሬ ብርኖ በምትባለው የቼክ ከተማ ይኖር የነበረው መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል የአተር ሙከራውን ውጤት በ1865 በንግግር አቀረበ፣ በ1866 አሳተመ። ሐምራዊ አበባ ያለውን አተር ከነጭ አበባ ጋር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ሐምራዊ ሆነ። እነዚያ በራሳቸው የአበባ ብናኝ ዘር ሲያፈሩ ግን ከአራቱ አንዱ ነጭ ሆኖ ወጣ። ነጩ ባሕርይ አልሟሟም ማለት ነው። ተደብቆ ቆይቶ እንዳለ ተመለሰ። የሜንዴልን ጽሑፍ ሰው ዞር ብሎ ሳያየው ከ30 ዓመት በላይ አለፈ። በ1900 ደ ፍሪስ፣ ኮረንስና ቸርማክ የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በየፊናቸው ወደዚያው ውጤት ደረሱ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን የአዲሱን ሳይንስ ስም አወጣለት፤ ጄኔቲክስ ተባለ።

የሰብሎችን መነሻ በተመለከተ ደግሞ የስዊዘርላንዱ አልፎንስ ደ ካንዶል በ1882 አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የዱር ዘመዶችን፣ የጥንት ታሪክን፣ ቁፋሮንና የሰብሎችን ስም አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ ሥራ ነው።

ቫቪሎቭና ሐሳቡ

ቫቪሎቭ በ1887 ሞስኮ ተወለደ። በ1913 ወደ እንግሊዝ ሄዶ ከቤትሰን ዘንድ ተማረ። ስለዚህ ዳርዊንን የሚያነበው በሜንዴል መነጽር ነበር። በ1920 ሳራቶቭ ላይ አንድ ሕግ አቀረበ። የተዛመዱ ተክሎች ተመሳሳይ የልዩነት ዓይነቶችን ያሳያሉ የሚል ነው። ለምሳሌ በዳቦ ስንዴ ዛላ ላይ እንደ ጺም የሚቆም ሹል ፀጉር አለ። አንዳንዱ ዝርያ ግን ጺም የለውም። እንግዲህ በዳቦ ስንዴ ጺም አልባ ካለ፣ ፓስታና ማካሮኒ በሚሠራበት በዘመዱ በዱረም ስንዴም ጺም አልባ መኖር አለበት። ገና አልተገኘም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

በ1926 የመነሻ ማዕከላትን ሐሳብ ሲያሳትም አምስት ማዕከላትን ለይቶ ነበር። ከአምስቱ አንዷ አቢሲኒያ ናት። በ1935 ደግሞ ዝርዝሩን አሻሽሎ ወደ ስምንት አሳደገው፤ ኢትዮጵያ አሁንም አለች። አካሄዱ እንዲህ ነው። አንድ ሰብል ብዙ ዘመን በኖረበት ቦታ ብዙ ለውጥ ይከማችበታል። ስለዚህ የአንድ ሰብል ዝርያ እጅግ የበዛበትን አካባቢ ካርታ ላይ ብታገኝ ወደ መነሻው ተጠግተሃል። በተጨማሪ ገዢ ባሕርያት፣ ማለትም ሌላውን ሸፍነው የሚታዩት፣ በማዕከሉ ይበዛሉ፣ ድብቆቹ ደግሞ ወደ ዳር ወጥተው ይታያሉ ብሎ ያምን ነበር።

ልብ በሉ፤ ቫቪሎቭ አቢሲኒያን ካርታው ላይ ያስገባት ሳይረግጣት ነው። እጁ ላይ በደረሱት የዘር ናሙናዎች ተነሥቶ ነው እንዲህ ያለው። የቀረው ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ነበር።

ጉዞው

በ1926 መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ገባ። በባቡር ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም በሐረር አካባቢ ናሙና ሰብስቦ አዲስ አበባ ደረሰ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት። ቫቪሎቭ ራሱ እንደጻፈው ራስ ተፈሪ ስለ ሩሲያ አብዮት በጥሞና ጠይቀውታል። ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ሲራራ አዘጋጅቶ በበቅሎ ወደ ሰሜን ተጓዘ። አንኮበርን፣ ጎንደርንና አክሱምን አልፎ በ1927 የጸደይ ወራት አስመራ ገባ። በመንገዱ ከየማሳው ዛላ ይቀጥፋል፣ ከየገበያው ዘር ይገዛል።

ያገኘው ነገር አስደነቀው። ጺም አልባ የዱረም ስንዴ እዚህ ተገኘ፤ በሕጉ አስቀድሞ ይኖራል ያለው ማለት ነው። ፍሬው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ስንዴም አገኘ። ይህ ለኛ ገበሬ አዲስ አይደለም፤ ጥቁር ስንዴ ይለዋል። አንድ ማሳ ውስጥ ብቻ ቀዩ፣ ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ቁመተ ረጅሙና አጭሩ ተቀላቅሎ ይታይ ነበር። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ሳያውቅ አይደለም። ዝናብ ቢያጥር አንዱ ይደርሳል፣ ዋግ ቢመታ ሌላው ይተርፋል። በትግራይና በኤርትራ ስንዴና ገብስን አብሮ የመዝራት ልማድ፣ ሐንፈጽ የሚባለው፣ ከዚሁ ጥበብ የመጣ ነው።

ሌላ የቫቪሎቭ ሐሳብም እዚህ ሕያው ምሳሌ አለው። አጃ መጀመሪያ ሰብል አልነበረም ይል ነበር። በስንዴና በገብስ ማሳ ውስጥ የሚበቅል አረም ሆኖ አብሮ ሲታጨድ፣ አብሮ ሲዘራ፣ ቀስ በቀስ ሰብል ሆነ። በኢትዮጵያ ደጋ ያለው የአጃ ዘመድ፣ ስናር፣ በዚህ መንገድ መሃል ላይ ያለ ተክል ነው። ከገብሱ ጋር ይበቅላል፣ ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ አውድማ ላይ ከገብሱ ጋር ይወቃል። ሙሉ በሙሉ ሰብል አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ አረምም አይደለም። ጠላውና እንጀራው ውስጥም ይገባል። ዝግመተ ለውጥን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው አንድ የገብስ ማሳ ጠጋ ብሎ ቢያይ ይበጀዋል።

ከቫቪሎቭ በፊትም የመጣ ሰው ነበር። አሜሪካዊው የገብስ ሊቅ ሃሪ ሃርላን በ1923 ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ ገብስ ሰብስቧል። ሁለቱ ወዳጆች ነበሩ።

የሐሳቡ ፈተና በሩሲያ

በሶቪየት ኅብረት ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሰው ተነሣ። ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያሻግር ጂን የሚባል ነገር የለም፣ ተክልን በአካባቢ ለውጥ ማሠልጠን ይቻላል፣ የተማረውንም ለልጁ ያወርሳል አለ። ስታሊን ደገፈው። ቫቪሎቭ ግን በሳይንሱ ላይ አልተደራደረም። በነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር እየሰበሰበ ሳለ ተያዘ። በ1941 ሞት ተፈረደበት፣ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠ፣ በጥር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። ዓለምን ስለ እህል የዞረ ሰው በረሃብ ተጎድቶ ነው የሞተው።

እሱ የመራው ተቋም የነበረው ሌኒንግራድ ውስጥ ነው። ጀርመኖች ከተማዋን ከ1941 እስከ 1944 ከበቡ። ሕዝቡ በረሃብ ሲረግፍ የተቋሙ ሠራተኞች በመጋዘን የሞላውን ሩዝ፣ ስንዴና ኦቾሎኒ አልነኩም። የሩዙ ኃላፊ ዲሚትሪ ኢቫኖቭና የኦቾሎኒው ኃላፊ አሌክሳንደር ሽቹኪን ከሞቱት መካከል ናቸው። ይህን ያደረጉ ሰዎች ከጠበቁት ዘር ውስጥ ከኢትዮጵያ የሄደውም አለበት።

ጄኔቲክስ በ1948 በይፋ ተወገዘ። ቫቪሎቭ በ1955 ነፃ ተባለ።

የክርክሩ ነጥብ

ኢትዮጵያ የገብስና የዱረም ስንዴ መነሻ ናት የሚለው የቫቪሎቭ የመጀመሪያ ሐሳብ እንደነበረ አልቀጠለም። ምክንያቱ የዱር ዘመዶች ናቸው። የስንዴና የገብስ ዱር ወላጆች የሚገኙት በመካከለኛው ምሥራቅ ለም ጨረቃ በሚባለው አካባቢ ነው፤ እዚህ የሉም። በቁፋሮ የተገኙት ጥንታዊ የእህል ቅሪቶችም ወደዚያው ይመራሉ። የሃሪ ልጅ ጃክ ሃርላን በ1969 ኢትዮጵያን የመነሻ ሳይሆን የብዝኃነት ማዕከል ብሎ ማየት እንደሚሻል ጻፈ። በ1971 ደግሞ ማዕከል የሚለውን አስተሳሰብ ራሱን አላላው፤ በአንዳንድ ቦታ፣ በተለይ በአፍሪካ፣ ሰብል ማላመዱ በሰፊ ምድር ላይ ተበታትኖ የሆነ ነው አለ። ገብስን በተመለከተ ግን ነገሩ ገና አልተዘጋም። የአፍሪካ ቀንድ ራሱን የቻለ የማላመድ ቦታ ሊሆን ይችላል የሚሉ የጄኔቲክስ ጥናቶች ወጥተዋል።

ጤፍ፣ እንሰት፣ ኑግና የአረቢካ ቡና ላይ ክርክር የለም፤ የኛ ናቸው። ቡናው ደግሞ ሌላ የዝግመተ ለውጥ ታሪክ ነው። ሁለት የዱር የቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው የወጣ ነው። ሁለቱ ወላጆች እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም (ጂኖችን የሚይዝ የሴል ክፍል) ሲኖራቸው አረቢካ 44 አለው።

ተደብቀው የቆዩ ጂኖች

የሜንዴል ነጭ አበባ እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። ባሕርይ ቢሟሟ ኖሮ የገበሬ ዝርያን መሰብሰብ ዋጋ አይኖረውም ነበር። ድብቅ ጂን ግን በማሳ ውስጥ ብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላል። በ1973 ተመራማሪዎች ከወሎ በመጡ ሁለት ማሽላዎች ውስጥ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ከሌላው ማሽላ በብዙ በልጦ አገኙት። ምክንያቱ አንድ ድብቅ ጂን ነበር። የአካባቢው ሰው ግን እነዚህን ማሽላዎች ቀድሞ ያውቃቸዋል። ወተት በጉንጬ የሚላቸው ለእሸት ጥብስ የሚመርጣቸው ናቸው። በምርት ባያዋጡም ከሌላው ጋር እየቀላቀለ ያቆያቸዋል።

ገብስም እንዲሁ ነው። ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል የሻጋታ በሽታ አውሮፓን ያስቸግር ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ የተወሰደ ገብስ ውስጥ ይህን በሽታ የሚከላከል ድብቅ ጂን ተገኘ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ የበልግ ገብስ ዝርያዎች ውስጥ ገብቶ እስካሁን ይሠራል። ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የሚቋቋመው የገብስ ጂንም ከኢትዮጵያ ገብስ ነው የተወሰደው፤ ካሊፎርኒያ በሰፊው ተጠቅማበታለች። ለእነዚህ ማሳዎች ባለቤቶች ምን እንደተከፈለ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው።

የዘረ መል ባንኩ

በ1976 አዲስ አበባ ውስጥ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የእጽዋት ዘረ መል ማዕከል ተቋቋመ። የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከዚህ የወጣ ነው። ከ60 ሺህ የሚበልጡ ናሙናዎች ደርቀውና ታሽገው በቅዝቃዜ ተቀምጠዋል። ማዕከሉን ከ1979 ጀምሮ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የዘር ጥበቃን ከማቀዝቀዣ ክፍል አውጥተው ማሳ ላይ አደረሱት። በ1980ዎቹ ድርቅ ወቅት ገበሬው የዘሩን እህል ሊበላ ወይም ሊሸጥ ሲገደድ፣ ማዕከሉ ነባር ዝርያዎች ከመጥፋታቸው በፊት ለመሰብሰብ ተሯሯጠ። ዶክተር መላኩ በ1989 ለዚህ ሥራቸው አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

በምሥራቅ ሸዋ እንደ ኤጀሬና ጨፌ ዶንሳ ባሉ ቦታዎች የማኅበረሰብ የዘር ባንኮች ተከፍተዋል። በምርጥ ዘር ተገፍቶ ሊጠፋ የነበረው ነባር ዱረም ስንዴ በእነሱ በኩል ወደ ማሳ ተመልሷል። አሠራሩ ብድር ነው። ገበሬው በዘር ወቅት ይወስዳል፣ አጭዶ ሲወቃ ትንሽ ጨምሮ ይመልሳል።