የእርሻ ድጎማ ቁጥጥር ምንድን ነው?

«አውሮፓውያን ለገበሬው ገንዘብ ይሰጡና ምን ላይ እንዳዋለው የሚያጣራ ተቆጣጣሪ ይልኩበታል» የሚል አስተያየት ደጋግሞ ይነበባል። ከሥሩ የሚነሳው ክርክርም ያው ነው፦ አንዱ «መኪና ቢገዛበትስ ማን ያውቃል?» ይላል፤ ሌላው «ደረሰኝ ይጠየቃላ!» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በአውሮፓ ኅብረት ትልቁ ድጎማ የሚከፈለው በሄክታር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2003ቱ የእርሻ ፖሊሲ ማሻሻያ ወዲህም አብዛኛው ክፍያ ከምርት መጠን ጋር አልተያያዘም። ገበሬው በገንዘቡ መኪና ቢገዛ ሕግ አልጣሰም። ተቆጣጣሪው የሚያጣራው ያመለከተው መሬት መኖሩን፣ ስፋቱንና በእርሻ ሥራ ላይ መዋሉን ነው።

በቀን ሒሳብ የሚከፈለውን ሠራተኛ አስቡ። አሠሪው የሚቆጥረው ሥራ ላይ የተገኘበትን ቀን ነው፤ ደመወዙን ምን እንደሚያደርግበት አያገባውም። 19 ቀን ሠርቶ 20 ያስመዘገበ ግን የሚያጣው የአንዷን ቀን ክፍያ ብቻ አይደለም። በመሬቱም እንዲሁ ነው፦ እ.ኤ.አ. እስከ 2022 በሠራው ደንብ ባመለከተውና በተገኘው ስፋት መካከል ያለው ልዩነት በልኬት ከተገኘው ስፋት 3 በመቶ ወይም ከ2 ሄክታር ከበለጠ፣ የልዩነቱ 1.5 እጥፍ በተጨማሪ ይቆረጣል። 20 ሄክታር አመልክቶ 19 የተገኘበት ገበሬ የሚከፈለው የ17.5 ሄክታር ነው። የመጀመሪያ ጥፋቱ ከሆነና ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካልበለጠ ቅጣቱ በግማሽ ይቀንስለትና የ18.25 ያገኛል። ሠራተኛው የደህንነት ደንብ ሲጥስ ከጠቅላላ ደመወዙ እንደሚቆረጥበት ሁሉ፣ በዚያው ደንብ ከብቶቹ የጆሮ መለያ የሌላቸው ገበሬም ከጠቅላላ ክፍያው ይቀነስበት ነበር፤ በቸልተኝነት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 3፣ ሆን ብሎ ከሆነ 20 በመቶ። ከ2023 ወዲህ ግን የስፋት ቅጣቱን ስሌት እያንዳንዱ አባል አገር ስለሚያወጣ፣ የስፋቱን ቁጥሮች ሳያጣሩ ለዛሬ መጥቀስ አይገባም።

ደረሰኝ የሚጠየቅበት ቁጥጥርም አለ፤ ለጎተራ ግንባታ ወይም ለማሽን ግዢ የሚሰጥ የኢንቨስትመንት ድጋፍ ነው። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ይህን ከሄክታር ክፍያው ጋር ከመደባለቅ ይመስለኛል።

ሄክታሩ የት ይጠፋል? ብዙውን ጊዜ በማጭበርበር አይደለም። ቁጥቋጦ ከዳር ወደ ውስጥ ይገፋል፣ የትራክተር መንገድ ይሰፋል፣ ገበሬው ደግሞ የአምናውን ካርታ ሳያስተካክል ይልካል። ተቆጣጣሪው የሳተላይት አቀማመጥ መቀበያ (ጂፒኤስ) ይዞ የማሳውን ዙሪያ በእግሩ ይዞራል። መሣሪያው ስለሚሳሳት በቀድሞው ደንብ በዙሪያው ርዝመት ልክ ቢበዛ 1.25 ሜትር ስፋት ያለው መቻቻያ፣ ማለትም ይቅር የሚባል የልኬት ልዩነት፣ ይፈቀድ ነበር። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ የ1 ሄክታር ማሳ ዙሪያው 400 ሜትር ነው፤ መቻቻያው 500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 5 በመቶ ይሆናል። 10 ሄክታር ሲሆን ግን ወደ 1.6 በመቶ ይወርዳል። እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ልዩነቱ ከመቻቻያው ካለፈ የሚያዘው በልኬት የተገኘው ስፋት እንዳለ ነው፤ መቻቻያው አይደመርበትም።

«5 በመቶው ብቻ ስለሚጎበኝ 95 በመቶው ያመልጣል» የሚለውም ትክክል አይደለም። በቀድሞው ደንብ በአካል የሚጎበኘው 5 በመቶ ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ20 እስከ 25 በመቶው በዕጣ፣ ቀሪው በስጋት ግምገማ ይመረጥ ነበር። ስለዚህ መመረጥ ሁልጊዜ መጠርጠር አይደለም። ማመልከቻው ግን ሁሉም ከመሬት መዝገቡ ጋር ይመሳከራል፤ አንድ ማሳ ላይ ሁለት ሰው ካመለከተ የሚያዘው እዚያ ነው።

ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ሴንቲኔል የሚባሉት የአውሮፓ ኅብረት ሳተላይቶች ማሳውን በየጊዜው ይከታተላሉ። «አሁን ሳተላይቱ ይለካል» የሚሉ ግን ይታረሙ፦ የምስሉ አንድ ነጥብ 10 በ10 ሜትር ነው፤ ለድንበር ልኬት አይሆንም። የሚያሳየው መታጨዱን፣ መታረሱን፣ የሰብሉን ዓይነት ነው። በጠባብና ቀጭን ማሳ ላይ ይህም ስለሚያስቸግር ገበሬው ቦታው የተመዘገበበት ፎቶ ከስልኩ እንዲልክ ይጠየቃል።

ስሕተቱን ያወቀ ገበሬ ማመልከቻውን በጽሑፍ ማረም ይችላል፤ በዚያም ቅጣት አይደርስበትም። ይህ የሚሠራው ግን የጉብኝቱ ማሳሰቢያ ሳይደርሰው በፊት ነው። በቀድሞው ደንብ ማሳሰቢያው ቢበዛ ከ14 ቀን፣ ለእንስሳት ቆጠራ ከ48 ሰዓት በፊት ሊነገር ይችል ነበር፤ ተቆጣጣሪው ጭራሽ ሳይነገርም ሊመጣ ይችል ነበር። ተቆጣጣሪውን ከበር የመለሰ ገበሬ ማመልከቻው በሙሉ ውድቅ ይሆንበታል።