ከጉበት ንቅለ ተከላ በኋላ የሚሰጥ የመድኃኒት ሕክምና እና የተቀባዮች ሕይወት በአዲስ አበባ ዳርቻ

የጉበት ንቅለ ተከላ በሲርሆሲስ (ጉበት ጠባሳ ሆኖ በመድረቁ)፣ በድንገተኛ የጉበት ድካም ወይም ገና ባልተሠራጨ የጉበት ካንሰር ምክንያት ሥራውን ያቆመን ጉበት አውጥቶ በሌላ ሰው ጉበት ወይም በከፊሉ የመተካት ሕክምና ነው። ቀዶ ሕክምናው በሰዓታት ውስጥ ያልቃል፤ የመድኃኒት ሕክምናው ግን ተቀባዩ በሕይወት እስካለ ድረስ ይቀጥላል። በኢትዮጵያ ከ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ይሰጣል። ጉበት የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ግን በአብዛኛው ከቤተሰብ የተገኘ ለጋሽ ይዘው ወደ ሕንድ ወይም ወደ ቱርክ ይሄዳሉ፤ ከጥቂት ወራት ቆይታ በኋላም መድኃኒታቸውን በሻንጣ ይዘው ይመለሳሉ። በመሆኑም በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ተቀባይ ቀዶ ሐኪሙ ባሕር ማዶ ሆኖ፣ ሕይወቱን የሚያቆየው የዕለት ተዕለት ክትትል ግን በመኖሪያ ቤቱ፣ በሰፈሩ መድኃኒት ቤትና በመሀል ከተማ ላቦራቶሪ መካከል የሚካሄድ ነው።

የዚህ ሕክምና ታሪክ በአመዛኙ የመድኃኒቶች ታሪክ ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ቶማስ ስታርዝል እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የመጀመሪያውን የጉበት ንቅለ ተከላ በሰው ላይ ሲያካሂድ ታካሚው ሕፃን በቀዶ ሕክምናው ላይ ሳለ አረፈ፤ ከአንድ ዓመት በላይ የኖረ ተቀባይ የተገኘው በ1967 ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው መካከል ነበር። የሰውነትን መከላከያ በሚገቱት በአዛታዮፕሪንና በስቴሮይድ ብቻ በሚታከሙበት ዘመን አንድ ዓመት የሚደፍኑት ከሦስት ተቀባዮች አንዱ ያህል ነበሩ። ከፈንገስ የተገኘውን ሳይክሎስፖሪን የተባለ መድኃኒት ቀዶ ሐኪሙ ሮይ ካን በእንግሊዝ ኬምብሪጅ በ1978 ለሰው መስጠት ከጀመሩ በኋላ ይህ ቁጥር በ1980ዎቹ ወደ 70 በመቶ ከፍ አለ። በ1984 ደግሞ በጃፓን ፁኩባ አካባቢ ከአፈር በተገኘ ባክቴሪያ ውስጥ ታክሮሊመስ የተባለው መድኃኒት ተለየ፤ በ1989 በፒትስበርግ ለሰው ተሰጠ፤ በ1994 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዛሬ በበቁ ማዕከላት ከተቀባዮች 90 በመቶ ገደማ አንድ ዓመት፣ ከ70 በመቶ በላይ ደግሞ አምስት ዓመት ይኖራሉ።

የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የተተከለውን ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊያጠቃው ይነሣል። ታክሮሊመስ ካልሲኒዩሪን የተባለውን ኢንዛይም በማገድ ቲ ሴሎች የተባሉት የመከላከያ ነጭ የደም ሴሎች እርስ በርስ የሚቀሰቃቀሱበት ኢንተርሉኪን 2 የተባለ ንጥረ ነገር እንዳይመረት ያደርጋል። ማይኮፌኖሌት የተባለው መድኃኒት የእነዚሁን ሴሎች መባዛት ይገታል። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በከፍተኛ መጠን ተሰጥቶ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ይቋረጣል። ኩላሊታቸው ለደከመ ታካሚዎች ባሲሊክሲማብ የተባለ መርፌ በቀዶ ሕክምናው ቀንና በአራተኛው ቀን ይሰጥና ታክሮሊመስ ዘግይቶ ይጀመራል፤ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ኤቨሮሊመስ የተባለ ሌላ መድኃኒት ተጨምሮ የታክሮሊመስ መጠን የሚቀነስበት መንገድም አለ። ጉበት ከኩላሊትና ከልብ ይልቅ በተቀባዩ ሰውነት ዘንድ በቀላሉ የሚለመድ አካል በመሆኑ ዓመታት ባለፉ ቁጥር የመድኃኒቱ መጠን ዝቅ ይላል፤ ብዙዎች በመጨረሻ በታክሮሊመስ ብቻ ይኖራሉ።

ታክሮሊመስ በሚጠቅመውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። በመጀመሪያው ወር በደም ውስጥ ከ6 እስከ 10፣ በኋላም ከ4 እስከ 8 ናኖግራም በሚሊ ሊትር እንዲሆን ይፈለጋል፤ ሲያንስ ጉበቱ ይጠቃል፣ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የደም ግፊትና ስኳር ይጨምራሉ። መጠኑ የሚለካው ቀጣዩ ክኒን ሊዋጥ ሲል፣ ካለፈው ክኒን 12 ሰዓት ሲሞላ ነው። ከከተማዋ ዳርቻ ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል የሚመስል ደንብ ትልቅ ፈተና ይሆናል። ማታ 2 ሰዓት ላይ የዋጠ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም መስጠት ይኖርበታል፤ የታክሲ ሰልፍ አቆይቶት 4 ሰዓት ላይ ቢደርስ ውጤቱ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይታይና መጠኑ ሳያስፈልግ ሊጨመርበት ይችላል፤ መዘግየቱን ፈርቶ ክኒኑን ቤቱ ውጦ ከወጣ ደግሞ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። ክኒኑን በኪስ ይዞ መሄድ፣ ደሙ ከተቀዳ በኋላ መዋጥና ደም የተቀዳበትን ትክክለኛ ሰዓት በውጤቱ ወረቀት ላይ ማስጻፍ ከብዙ ስሕተት ያድናል። የሰዓት አቆጣጠሩም ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የውጭ ሐኪም በመድኃኒት ማዘዣ ላይ «8» ብሎ የጻፈው በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት በመሆኑ ቤተሰቡ ከሆስፒታሉ ሳይወጣ ወደ አገርኛው ሰዓት አስቀይሮ ማስጻፍ አለበት።

ጾምም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ክኒኑ ከምግብ ጋር ያለው ግንኙነት በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ በባዶ ሆድ የጀመረ በባዶ ሆድ ይቀጥላል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ምእመን የጠዋቱን ክኒን በውኃ ስለመውሰዱ አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር ዘንድ ይመከራል። በረመዳን ከሱሑር እስከ ኢፍጣር ያለው ጊዜ በአዲስ አበባ ከ13 ሰዓት በላይ በመሆኑ መጾም የሚያስብ ተቀባይ ውሳኔውን ከሐኪሙ ጋር ይወስናል፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን መጾም አይመከርም።

ታክሮሊመስ በጉበትና በአንጀት ውስጥ ሲዋይፒ3ኤ በተባሉ ኢንዛይሞች ይፈጫል። ከእነዚህ አንዱ፣ ሲዋይፒ3ኤ5፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ከአውሮፓውያን ይልቅ በብዛት በሥራ ላይ ይገኛል፤ ያላቸው ሰዎች አንድ እጥፍ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ መጠን ሊያስፈልጋቸው ይችላል። በጉበት ተቀባይ ዘንድ ደግሞ የአንጀቱ ኢንዛይም የራሱ፣ የጉበቱ የለጋሹ በመሆኑ ሁለቱም ውጤቱን ይወስናሉ። የሲዋይፒ3ኤ ኢንዛይሞችን ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን የተባሉ አንቲባዮቲኮች እንዲሁም ፀረ ፈንገሱ ፍሉኮናዞል ስለሚያዳክሟቸው በደም ውስጥ ያለው የታክሮሊመስ መጠን በቀናት ውስጥ ይንራል፤ ግሬፕ ፍሩትም እንዲሁ ያደርጋል። በአንጻሩ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ኢንዛይሞቹን አበርትቶ በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒቱን መጠን ከሚፈለገው በታች ይጥለዋል፤ ነቀርሳ በሚበዛበት አገር ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ተቅማጥ በደም ውስጥ ያለውን የታክሮሊመስ መጠን ከፍ እንደሚያደርግ ብዙ ቤተሰቦች አይጠረጥሩም። ያለ ማዘዣ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊትን ከታክሮሊመስ ጋር ተባብረው ስለሚጎዱ ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል በተወሰነ መጠን ይመረጣል። ለወፍ በሽታም ሆነ ለምች የሚሰጥ ማንኛውም የባህል መድኃኒት፣ በፍቅር ከቀረበ እጅ የመጣ ቢሆንም እንኳ፣ ሐኪም ሳያውቅ መወሰድ የለበትም፤ ጫትም ከጉበት ጉዳት ጋር ተያይዞ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል።

የቀድሞው በሽታ በአዲሱ ጉበት ላይ ሊመለስ ይችላል። በአገራችን ለሲርሆሲስና ለጉበት ካንሰር ዋነኛ መንስኤ ከሆኑት አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። መከላከያ ባልነበረበት ዘመን ቫይረሱ በአብዛኞቹ ተቀባዮች ላይ ይመለስና አዲሱን ጉበት ያጠፋ ነበር፤ ዛሬ ኢንቴካቪር ወይም ቴኖፎቪር የተባለ ፀረ ቫይረስ ሳይቋረጥ ሲወሰድ፣ እንደ አስፈላጊነቱም የሄፓታይተስ ቢ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ቫይረሱን የሚከላከል ፀረ እንግዳ አካል) ሲጨመር፣ መመለሱ ብርቅ ሆኗል። ሄፓታይተስ ሲ በክኒን ከ95 በመቶ በላይ ይድናል። ካንሰርን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሚላን መስፈርት (ለንቅለ ተከላ የሚበቁ የጉበት ካንሰር ታካሚዎች የሚለዩበት መለኪያ) ከ5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ አንድ እጢ ወይም እያንዳንዳቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ እስከ ሦስት እጢዎች ያሉባቸውን ይመርጣል፤ ከዚህ በላይ ባለፈ ቁጥር የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል።

በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከሁሉ የሚያሠጋው ኢንፌክሽን ነው። ኮትሪሞክሳዞል ኒሞሲስቲስ ከሚባለው የሳንባ ምች፣ ቫልጋንሲክሎቪር ደግሞ ከሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ለመጠበቅ ለወራት ይሰጣሉ። ቁርጥና ጥሬ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ እርጎ ሳልሞኔላን፣ ቶክሶፕላዝማንና ብሩሴላን ሊያመጡ ስለሚችሉ ለተቀባዩ አይቀርቡም፤ በበዓል ቀን ክትፎውን አብስሎ ማቅረብ ለባለ ቤቱ የማያሳፍር፣ ለእንግዳውም ሕይወት የሚጠብቅ ነገር ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በሮቶና በጀሪካን የቆየ ውኃ ፈልቶ ይጠጣል። እንደ ቢጫ ወባና ኩፍኝ ያሉ ሕያው ተህዋሲ ያለባቸው ክትባቶች ከንቅለ ተከላ በኋላ ስለማይሰጡ አስፈላጊዎቹ ከጉዞው በፊት መጠናቀቅ አለባቸው።

ከአንድ ዓመት በኋላ አደጋው መልኩን ይለውጣል። በአሜሪካ በተደረገ ሰፊ ጥናት ከጉበት ተቀባዮች 18 በመቶ ያህሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ከባድ የኩላሊት ድካም አጋጥሟቸዋል። ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ከፍተኛ የደም ቅባትና አንዳንድ ካንሰሮችም ይበረክታሉ፤ ስለዚህ ክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና ስኳር ከጉበት ምርመራው እኩል በየጊዜው ይታያሉ። ልጅ የምትፈልግ ሴት ቢያንስ አንድ ዓመት ትቆያለች፤ ማይኮፌኖሌት ፅንስን ስለሚጎዳም ከማርገዟ በፊት በሐኪም ትእዛዝ ይቀየርላታል።

የተተከለው ጉበት በሰውነት መከላከያ ድንገት መጠቃቱ በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቢሆንም መድኃኒት በተቋረጠ ጊዜ ሁሉ ሊመጣ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ በደም ውስጥ በጉበት ኢንዛይሞችና በቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ በሚያደርገው ንጥረ ነገር) መጨመር ይጠረጠራል፣ ከጉበት በሚወሰድ ናሙና ይረጋገጣል፣ በአብዛኛው ለሦስት ቀናት በደም ሥር በሚሰጥ ሜቲልፕሬድኒሶሎን በተባለ ስቴሮይድ ይቀለበሳል። ክኒኑ ከገበያ የጠፋበት ወይም ገንዘብ ያጠረው ተቀባይ አንዱን ቀን እየዘለለ ሊያብቃቃ ይፈተናል፤ ሕመም ስለማይሰማውም ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። አንድ ወር የሚያቆይ መጠባበቂያ መያዝና የሌላ ፋብሪካ ምርት በተገዛ ጊዜ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ የደም መጠንን ማስለካት የተለመዱ ጥንቃቄዎች ናቸው። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር ወይም ክኒኑን የሚያስወጣ ትውከት ሲኖር ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይኬዳል።